ከመውቀስ በፊት መለየት፦ በላፕቶፕ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ስለሚሰማው ጥዝታ የተደረገ ንግግር

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በካምፓችን የሚያስተምሩ መምህራን ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለወጣቶች ተጠሪዎች በትምህርት ቤቱ ዳስ ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ወገኖች ይጠቅማል በማለት አትመነዋል።)



በቅድሚያ ሥራችሁን ትታችሁ፣ የራሽንና የውኃ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ፣ በዚህ ሙቀት እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ድምፅ ነው። ይኸውም ላፕቶፕ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን ትምህርት ስናዳምጥ ከአስተማሪው ድምፅ ሥር ሆኖ «ጥዝዝ» ወይም «እምምም» እያለ የሚያስቸግረን ድምፅ ነው። ባለፉት ሳምንታት በዚህ ጥዝታ ምክንያት በማዳመጫ ክፍላችን ሁለት ጊዜ ጠብ ተነሥቷል። አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎታል። አንድ ተማሪም ከነጭራሹ መምጣት ትቷል። ይህን ስንሰማ እኛ መምህራኑ ደነገጥን፤ ምክንያቱም እኛው ራሳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕሪ ሳለን ይህንኑ ስህተት ሠርተነዋል።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ሁላችንም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰን፣ በስደት ላይ ሆነን ያወቅነውን ለታናናሾቻችን የምናካፍል ሰዎች ነን። የምንነግራችሁን ግን ገንዘባችንን አጥፍተን፣ ከዚያም በላይ የሰው ልጅ በድለን የተማርነው ስለሆነ በጥሞና እንድታዳምጡን እንለምናለን።

በባሕሪ የደረሰው

ካርቱምን የምታውቁ እንደምታስታውሱት፣ ባሕሪ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን ያለች፣ ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጋር ሦስቱ ከተሞች ከሚባሉት አንዷ ናት። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ከመጀመሩ በፊት እዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንኖር ነበር። ከፊላችን በሰው ቤት፣ ከፊላችን በሻይና በቡና ሥራ፣ ከፊላችን በቀን ሥራ እንተዳደር ነበር። እኛም ጥቂት ሆነን በአንድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ማታ ማታ እንግሊዝኛ እናስተምር ነበር። የነበረን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከአንድ ቀዳዳ አምስት ማዳመጫ የሚያስሰካ ገመድ ስለነበረን፣ አምስት አምስት ተማሪ እየሆነ በየተራ ያዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን የላፕቶፑ ቻርጀር ተቃጠለ። በማግስቱ ጠዋት ከገበያ ርካሽ ምትክ ገዛን። በዚያው ዕለት ማታ አንድ የ15 ዓመት ተማሪያችን ከዘመድ ያገኘውን የራሱን ማዳመጫ ይዞ ደስ እያለው መጣ። ገና ሲሰካው በአምስቱም ማዳመጫ ውስጥ ጥዝታው ተሰማ። ሁሉም ወደ ልጁ ዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ሰካሁት እንጂ» አለ።

እኛ ግን አላመንነውም። «በጉልበት ሰክተህ ቀዳዳውን አበላሽተኸዋል» አልነው። ለእናቱም ነገርናቸው። እናቱ የተቀጡት በሰው ፊት ስለሆነ አፈሩ፤ ልጁንም ቤት ሲገባ ቀጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ቀረ።

ላፕቶፑን ለጥገና ወሰድነው። ጥገና ሠሪውን «ቀዳዳው ተበላሽቷልና ቀይርልን» አልነው። ቀየረልን፤ ከፈልን። እሱ ዘንድ ሲሞከር ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። ክፍላችን አምጥተን ስንሰካው ግን ጥዝታው እንደነበረ ነው። እንደገና ወሰድነው፤ እንደገና ከፈልን። አሁንም እሱ ዘንድ ደህና ነው፤ እኛ ዘንድ ይጮኻል። ሰውየው አላታለለንም። የጠየቅነውን ሠራልን። ያጠፋነው እኛ ነን፤ በሽታውን ሳንመረምር መድኃኒቱን አዘዝን።

አንድ ማታ በትምህርት መሃል መብራት ጠፋ። በባሕሪ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም። ማራገቢያው ቆመ፤ አምፖሉ ጠፋ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ። በጆሯችን ውስጥ የነበረው ጥዝታም ከመብራቱ ጋር አብሮ ጠፋ። የእንግሊዝኛው አስተማሪ ድምፅ በጨለማው ውስጥ እንደ ደወል ጠርቶ ተሰማ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። መብራቱ ሲመለስ ጥዝታውም ተመለሰ። አንዳችን ተነሥተን ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀልነው፤ ጠፋ። ሰካነው፤ መጣ።

በዚያ ዕለት ሁለት ነገር ነበር የተለወጠው፦ ቻርጀሩና የልጁ ማዳመጫ። እኛ ያየነው አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱም ሰው የያዘውን።

በማግስቱ ከእናቱ ዘንድ ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «እኔስ? እናንተ መምህራን ናችሁ ብዬ ልጄን ትቼ እናንተን አመንኩ» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ልጁ ከሳምንት በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ቀጥሎም ጦርነቱ መጣና ሁላችንንም በተነን። እሱና እናቱ ወዴት እንደደረሱ አልሰማንም። ይቅርታውን ከመለያየታችን በፊት መጠየቃችን ግን ትንሽ ያጽናናናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኛ ግን ካፈሰስነው ውስጥ ሁሉንም አልለቀምነውም።

ጥዝታው ከየት ይመጣል?

በሱዳንም ሆነ በአገራችን ከግድግዳ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ኃይሉም ከ220 እስከ 230 ቮልት ይደርሳል። ላፕቶፕ ግን የሚፈልገው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 20 ቮልት የሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ይህን የሚለውጥለት ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ሥራውን የሚሠራው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆረጠና እየለቀቀ ነው። ደህና ሆኖ የተሠራ ቻርጀር ከዚህ የሚወጣውን ሁከት የሚያጣሩ ክፍሎች በውስጡ አሉት። ርካሹ ግን ዋጋው የቀነሰው እነዚህን ክፍሎች በማጓደል ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ወደ ማዳመጫችን የሚሄደው የድምፅ ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ነው። እንግዲህ ነገሩ ወፍጮ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንደ ማውራት ነው። ከዋናው መስመር ወይም ከቻርጀሩ ጥቂት እንኳ ሾልኮ ወደ ድምፁ መንገድ ከገባ ጆሯችን ይሰማዋል። ታላላቆቻችን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ጎረቤት ጀነሬተር ሲያስነሣ ጣቢያው ይንኮሻኮሽ እንደነበር ያስታውሳሉ። የዛሬውም ችግር የዚያ ዘመድ ነው።

ድምፁን በዓይነቱ መለየት

ጥዝታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሐኪም ሳሉን ሰምቶ ደረቅ ነው፣ አክታ አለው እንደሚል፣ እኛም መጀመሪያ ማዳመጥ አለብን።

ሀ. ወፍራም ሆኖ ሳያቋርጥ «እምምም» የሚል ከሆነ፣ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የላፕቶፑን ብረት በእጅ ሲነኩት ድምፁ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ለ. ቀጭን ሆኖ «ጺጺጺ» የሚል፣ ማውሱን ስናንቀሳቅስ ወይም ፋይል ስንከፍት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሁከቱ የሚመጣው ከላፕቶፑ ከራሱ ውስጥ ነው።

ሐ. «ድድ-ድድ-ድድ» እያለ መጥቶ፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የአንዱ ስልክ ከጠራ፣ ጥፋተኛው ስልኩ ነው። በቀድሞው የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ መልእክቱን የሚልከው በሴኮንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ያለ የማዳመጫ ገመድ እንደ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል።

መ. ገመዱን ስንነካ ብቻ «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ፣ ሽቦው ከውስጥ ተበጥሷል ወይም መሰኪያው ላልቷል።

ሠ. እንደ ካፊያ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ክፍት የተተወ ማይክሮፎን ወይም ከመጠን በላይ ከፍ የተደረገ ድምፅ ነው።

ረ. ሙዚቃው እየተሰማ የተናጋሪው ድምፅ ብቻ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ርቆ ከጠፋ፣ መሰኪያው እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ወይም የስልክ ማዳመጫው አሠራር ከላፕቶፑ ቀዳዳ ጋር አይስማማም። ይህ ጥዝታ ባይሆንም ብዙ ጊዜ «ተበላሸ» ስለሚያሰኝ ነው ያነሣነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝረውን እባካችሁ ጻፉት። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሁለት ነገር ለውጣችሁ ድምፁ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም። አንዱን ለውጣችሁ ለውጥ ካላመጣ ወደ ነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ።

1ኛ. ትምህርቱን ለአፍታ አቁሙት። ባቆማችሁበት ቅጽበት ጥዝታው አብሮ ከቆመ፣ ምናልባት ከመጀመሪያው ሲቀረጽ የገባ ነውና ሌላ ቅጂ ሞክሩ። ሌላውም ቅጂ ከጮኸ ጥፋቱ የቅጂው አይደለም። አንዳንድ ላፕቶፕ ዝም ሲል ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ የድምፁን ክፍል ራሱ ስለሚዘጋው፣ ማዳመጥ ያለባችሁ ባቆማችሁበት ቅጽበት ነው።

2ኛ. ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀሉና በባትሪ ብቻ አዳምጡ። ለእኛ ይህን ያስተማረን የባሕሪ መብራት መጥፋት ነው፤ እናንተ ግን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ የለባችሁም። ጥዝታው ከጠፋ ማዳመጫው፣ ቀዳዳውና ተማሪው ሁሉም ነፃ ናቸው። ጥፋቱ ከቻርጀሩ ወይም ከመስመሩ ነው።

3ኛ. በባትሪ ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ፣ ቻርጀሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ በዚያው ዲቫይደር ላይ ያሉትን ሌሎች ዕቃዎች አንድ በአንድ ንቀሉ። ማራገቢያ፣ ፍሪጅ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሁሉም ሁከት ሊያስገቡ ይችላሉ። ቀጥሎ ሶኬት ለውጡ። ቀጥሎ ለዚያ ላፕቶፕ የሚስማማ ሌላ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ፤ ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ አምፔሩም ከላፕቶፑ ፍላጎት አለማነሱን ከጀርባው ሳታነቡ ግን አትሰኩት።

4ኛ. በባትሪም የሚጮኽ ከሆነ፣ ሌላ ማዳመጫ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያውንም ማዳመጫ በስልክ ላይ ሞክሩት። ድምፁ ማዳመጫውን ተከትሎ ከሄደ ማዳመጫው ነው፤ ላፕቶፑ ዘንድ ከቀረ ላፕቶፑ ነው።

5ኛ. ስልኮችን ሁሉ ከጠረጴዛው አንሥታችሁ ሁለት ሜትር ያህል አርቁ፤ ወይም ኔትወርካቸውን ዝጉ።

6ኛ. በላፕቶፑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ማይክሮፎኑን ዝጉ። «ማይክሮፎን ቡስት» የሚለው ከፍ ብሎ ከሆነ ወደ ዜሮ አውርዱት። የማይክሮፎኑን ድምፅ መልሶ ወደ ማዳመጫ የሚልክ ምርጫ በርቶ ከሆነ አጥፉት።

7ኛ. ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚጮኽ ከሆነ ብቻ የላፕቶፑ የድምፅ ክፍል ወይም ቀዳዳው ችግር አለበት እንላለን። ወደ ጥገና ስትወስዱትም «ይህን ቀይርልን» ሳይሆን «ይህን ይህን ሞክረናል፤ እንዲህ ሲሆን ይጮኻል፤ እንዲህ ሲሆን ይተዋል» በሉ። ጥገና ሠሪው ጊዜውን ያተርፋል፤ እናንተም ገንዘባችሁን።

በካምፕ ውስጥ የሚያጋጥሙ ነገሮች

እዚህ የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ እንደ ከተማው መስመር አይደለም። አንዱ ከጀነሬተር፣ ሌላው ከፀሐይ ፓኔል ያገኛል። ከፀሐይ የሚመጣውን የባትሪ ኤሌክትሪክ ወደ 220 ወይም 230 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ነው። ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ ባሕር ሞገድ ለስላሳ መሆኑ ቀርቶ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። በዚህ የሚሠራ ቻርጀር ጥዝታ ቢያሰማ ላፕቶፑን አትክሰሱት። የፀሐዩን ባትሪ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያም ራሱ ሁከት ሊያወጣ ስለሚችል የማዳመጫ ገመድ በአጠገቡ አታሳልፉ።

በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር፣ በዚያም ላይ ሌላ ዲቫይደር መቀጠል የተለመደ ሆኗል። ይህ ለጥዝታው መባባስ አንድ ምክንያት ነው፤ ከዚያ የሚከፋው ግን እሳት ማስነሣቱ ነው። ቤታችን ሣርና ሸራ መሆኑን አንርሳ።

አዳራሽ ውስጥ ላፕቶፑን ከትልቁ የድምፅ ማጉያ ጋር ስናያይዝ የሚሰማው ከባድ ጉምጉምታ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለው። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ ማጉያው በሌላ ሶኬት ከመሬት ጋር ይያያዛሉ፤ በድምፅ ገመዱም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ቀለበት ይፈጠርና ከዋናው መስመር ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀለበቱ ይዞራል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ወይም ከአንድ ደህና ዲቫይደር መሰካት ነው። ካልሆነም በፕሮግራሙ ሰዓት ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት ነው።

ሕይወትን የሚመለከት ማሳሰቢያ

ወላጆች፣ ይህን ክፍል በተለይ ለእናንተ ነው የምንናገረው።

አንዳንድ ቻርጀር ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስተኛው እግር ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ነው። ሥራውም የዕቃው ብረት በስህተት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ ሰው ሳይሄድ ወደ መሬት እንዲወርድ ማድረግ ነው። አንዳንድ ወጣቶች «ሦስተኛውን እግር ብትቆርጠው ጥዝታው ይጠፋል» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም እውነት ይጠፋል። ከጥዝታው ጋር ግን ልጃችሁን የሚጠብቀውም ነገር ይጠፋል። ይህን ከቶ አታድርጉ። እንደዚሁም ኧርዝ ለማግኘት ብላችሁ ከሶኬቱ ቀዳዳዎች አንዱን ከሌላው ጋር በሽቦ አታያይዙ። ሰው ይገድላል።

በባለ ሁለት እግር ቻርጀር የሚሠራ የብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ ሲነካ ጣትን ውርር የሚያደርግ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ይህ በደህና ቻርጀርም የሚያጋጥም ነው፤ በውስጡ ካሉት ማጣሪያዎች ከአንድ ሚሊአምፔር በታች የሆነ ኤሌክትሪክ ሾልኮ ስለሚወጣ ነው። ነገር ግን ውርርታው ከዚህ የመጣ ይሁን ከተበላሸ ቻርጀር በጣት መለየት አይቻልም። ሰውን ከአደጋ ለማዳን የሚገጠሙት መቁረጫዎች 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ መስመሩን እንዲዘጉ የሚደረጉት፣ ከዚያ በላይ ያለው ልብን ሊያቆም ስለሚችል ነው። ስለዚህ በባዶ እግር፣ በእርጥብ መሬት ላይ ሆኖ በቻርጀር ላይ ያለ ላፕቶፕ መንካት ይቅር። ውርርታው የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ ቻርጀሩ ከተሰነጠቀ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ወዲያውኑ መጠቀሙን አቁሙና ኤሌክትሪክ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ሌላው የጆሮ ጉዳይ ነው። ጥዝታውን ለመሸፈን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ የሚያደርጉ ልጆች አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ከ75 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ዴሲቤል የምንለካበት መሣሪያ የለንም። በቀላሉ ለመገመት ግን፣ ማዳመጫ ያደረገውን ልጅ በክንድ ርቀት ሆናችሁ በተለመደ ድምፅ ስትጠሩት ካልሰማ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። በዚህ የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ ላይድን ይችላል።

መፍትሔዎች ከሚያስከፍሉት አንጻር

ገንዘብ የማያስከፍለው መፍትሔ የሚበልጠው ነው። ቀን ፀሐይ ሳለ ላፕቶፑን መሙላት፣ ማታ በባትሪ ማዳመጥ። በባሕሪ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ባትሪው አሮጌ ስለነበር ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም ነበርና ትምህርቱን በአርባ ደቂቃ ከፋፈልነው። ቀጥሎም ገመዶችን መለየት ነው፤ የማዳመጫውን ገመድ ከቻርጀሩ ገመድ ጋር አብሮ አለመጠቅለል፣ በቻርጀሩ ሳጥን ላይም አለማስተኛት።

ትንሽ የሚያስከፍለው፣ በገመድ ላይ የሚጠለቅ ፌራይት የሚባል ጥቁር ቀለበት ነው። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ገመድ ጫፍ ላይ እንደ እብጠት ሆኖ የሚታየው ነው። ከተበላሸ ገመድ ላይ አውጥቶ መጠቀም ይቻላል። ይህ የሚረዳው ለቀጭኑ ጥዝታ እንጂ ለወፍራሙ ጉምጉምታ አይደለም።

ከዚያ ሲያልፍ በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ አለ። ድምፁን ከላፕቶፑ ውስጣዊ ሁከት አርቆ ከውጭ ስለሚያዘጋጀው፣ ቀዳዳው ለተበላሸ ላፕቶፕም ያገለግላል። ለአዳራሹ ማጉያ ደግሞ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ፣ ሁለቱን መሣሪያዎች በሽቦ ሳያገናኝ ድምፁን ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ትራንስፎርመር ይሸጣል። ሁለቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምርመራውን ጨርሱ። ሳያውቁ የሚገዛ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ተምራችኋል።

በመጨረሻ

ወገኖቻችን፣ ለምን ስለዚህ ይህን ያህል ተናገራችሁ ትሉን ይሆናል። ብዙ ተማሪዎቻችን ዛሬ ትምህርት የሚያገኙት በጆሮ ነው። መጽሐፍ በማይገኝበት አገር አንድ የተቀረጸ ትምህርት ለሃምሳ ልጅ ይደርሳል። የቋንቋ ፈተናም፣ የሥራ ቃለ መጠይቅም ከሩቅ በማዳመጫ የሚደረግበት ጊዜ ነው። በጥዝታ ውስጥ የጠፋ አንድ ቃል የአንድ ሰው ዕድል ሊሆን ይችላል።

ከዚያም ሌላ ነገር አለ። እኛ ስደተኞች ያለን ዕቃ ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ዕቃ ሲበላሽ ሁላችንም እንደነግጣለን፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚያገኘው በአጠገቡ ያለውን ሰው ነው። በካምፑ ብዙ ጠብ የሚነሣው እንዲህ ነው፤ ውኃው ሲቀንስ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ራሽኑ ሲዘገይ።

ስለሆነም እኛ መምህራን ተነጋግረን የሚከተለውን ወስነናል። በማዳመጫ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር እንሰቅላለን። ዕቃ ሲበላሽ ቀኑ፣ የተሰማው ድምፅና ከላይ የዘረዘርናቸው ሰባቱ ምርመራዎች ውጤት በየተራ ይጻፍበታል። በዚያ ዕለት ምን ምን ነገር እንደተለወጠም ይጻፋል፤ አዲስ ቻርጀር፣ አዲስ ሶኬት፣ አዲስ ማዳመጫ፣ ሁሉም። ሰባቱ ምርመራዎች ሳያልቁ የማንም ተማሪ ስም በጥፋት አይነሣም፤ ለወላጅም አይነገርም። ይህን ሕግ ከእኛ አንዱ ቢጥስ ተማሪዎች ደብተሩን አምጥተው እንዲያሳዩን መብት ሰጥተናቸዋል።

ከክፍሉ የቀረውን ተማሪ በተመለከተ፣ ትናንት ማታ ላፕቶፑን በባትሪ ብቻ ሞከርነው፤ ጥዝታው የለም። ቻርጀሩን መልሰን ስንሰካው መጣ። ልጁ ነፃ ነው። ዛሬ ከዚህ ስንነሣ ሦስታችን ወደ ቤታቸው እንሄዳለን። ከእናንተም መካከል «አንተ ነህ» ያላችሁት አብራችሁን ብትመጡ ደስ ይለናል።